በሊንክ ለጣፊው አንገት ላይ የታሰረው ታክስ

ጁን 29 ቀን 2011 የካሊፎርኒያው አገረ ገዥ ጄሪ ብራውን ከበጀቱ ጋር አብሮ የመጣ አንድ የታክስ ሕግ ፈረሙ። በዚያው ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ የግዛቲቱ ነዋሪዎች ከአማዞን ኢሜይል ደረሳቸው። መልእክቱ ባጭሩ፣ ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል ውላችን ይፈርሳል፣ ከዚያ በኋላ ለምትልኩልን ገዢ ኮሚሽን አንከፍልም የሚል ነበር። የተቆረጡት ሰዎች ቁጥር 10 ሺህ ገደማ እንደሆነ በወቅቱ ተዘግቧል። (ከአንድ ቦታ በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ሰዎች ታክስ አልደበቁም። አብዛኞቹ ከኮሚሽናቸው ላይ ለዚያችው ግዛት የገቢ ግብር የሚከፍሉ ሰዎች ነበሩ። ጥፋታቸው አድራሻቸው ነው። ኔቫዳ ወይም ኦሪገን ቢኖሩ ኖሮ ያ ኢሜይል አይደርሳቸውም ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ሥራውን ማስረዳት ያስፈልጋል። አፊሊየት ማለት የሌላን ነጋዴ ዕቃ በሊንክ አስተዋውቆ ኮሚሽን የሚበላ ሰው ነው። የሕፃናት ጋሪ አወዳድራ የምትጽፍ እናት፣ ስለ ካሜራ የሚተነትን ወጣት፣ ኩፖን የሚሰበስብ ድርጅት፣ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ የሚያሰባስብ የወላጆች ማኅበር ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሎስ አንጀለስ የአማርኛ ዩቲዩብ ቻናል ያላቸው ሰዎች ከቪዲዮው ሥር «የምጠቀምበት ማይክ ይኸውላችሁ» ብለው የሚለጥፉትም ሊንክ ያው ነው። ተመልካቹ ሊንኩን ተጭኖ ከገዛ፣ ከ100 ዶላር ላይ እንደ ዕቃው ዓይነት 4 ወይም 6 ዶላር ለለጠፈው ሰው ይደርሰዋል። አማዞን ይህን አሠራር የጀመረው በ1996 ነው። ዕቃው የለጣፊው አይደለም፤ ዋጋውን አይተምንም፣ ገንዘቡን አይቀበልም፣ ገዢው ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

እንግዲህ የግዛቶቹ ሕግ የያዘው ይህን ሰው ነው።

ግዛቶቹ የተነሡበት ምክንያት ግን ትክክል ነበር። ይህን ሳይሉ ማለፍ አድሎ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ 45 ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ የሽያጭ ታክስ አላቸው። የሰፈሩ ባለ ሱቅ የ500 ዶላር ቴሌቪዥን ሲሸጥ በ8 በመቶ ሒሳብ 40 ዶላር ጨምሮ ከገዢው ይቀበልና ለግዛቱ ያስገባል። ያንኑ ቴሌቪዥን ሩቅ ካለ የኦንላይን ነጋዴ የገዛ ሰው ግን ያኔ 40 ዶላሩን ሳይከፍል ይገላገል ነበር። በሕጉ መሠረት ታክሱ ቀርቶለት አይደለም፤ ገዢው ራሱ «የመጠቀሚያ ታክስ» በሚል ስም አስልቶ እንዲከፍል ይጠበቅበታል። ማን ይከፍላል? በዓመቱ መጨረሻ ከየት ምን እንደገዛ ቆጥሮ ለመንግሥት ቼክ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ ሐውልት ይገባዋል። ስለዚህ ባለ ሱቁ ኪራይ እየከፈለ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ታክስ እየሰበሰበ፣ ደንበኛው እሱ ዘንድ መጥቶ ዕቃውን ዳብሶ፣ ቤቱ ገብቶ በ40 ዶላር ቅናሽ ከሌላ ይገዛበት ነበር። ይህ ፍትሕ አይደለም። የትምህርት ቤትና የመንገድ በጀትም በየዓመቱ ይሸረሸር ነበር።

እንቅፋቱ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1967 በቤላስ ሄስ፣ በ1992 ደግሞ በኩዊል መዝገብ፣ አንድ ግዛት ሌላ ቦታ ያለ ነጋዴን ታክስ ሰብስብልኝ ለማለት ነጋዴው በግዛቱ ውስጥ በአካል መገኘት አለበት ብሎ ወስኗል። ሱቅ፣ መጋዘን፣ ሠራተኛ፣ የሚጨበጥ ነገር ያስፈልጋል። ኩዊል የቢሮ ዕቃ በካታሎግ የሚሸጥ ድርጅት ነው። ለሰሜን ዳኮታ ደንበኞቹ ማዘዣ ሶፍትዌር የያዙ ፍሎፒ ዲስኮች ልኮ ነበርና ግዛቲቱ «ዲስኮቹ ያንተ ንብረት ናቸው፣ ስለዚህ እዚህ አለህ» ብላ ተከራከረች። ፍርድ ቤቱ ጥቂት ፍሎፒ ዲስክ ነጋዴን ከግዛት ጋር አያስርም አለ። ይቺን ፍሎፒ ያዙልን።

ፍርዱን ሊለውጥ የሚችለው ራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወይም ኮንግረስ ነበር። ኮንግረስ ዓመታት ተኛ። ያኔ ኒውዮርክ በ2008 ብልሃት ፈጠረች። አማዞን ኒውዮርክ ውስጥ ሱቅ የለውም፣ ግን በኮሚሽን ገዢ የሚያመጡለት ኒውዮርካውያን አሉት፤ ስለዚህ እነሱ የእሱ ወኪሎች ናቸው፣ በእነሱ በኩል እሱም እዚህ አለ ተባለ። ዓይኗን ነጋዴው ላይ ተክላ፣ ገመዱን ግን ሊንክ ለጣፊው አንገት ላይ አሠረች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

የሕግ ባለሙያዎቹ ይህን ከሜዳ አላመጡትም። በ1960 በስክሪፕቶ መዝገብ የተሰጠ ውሳኔ ነበራቸው። ስክሪፕቶ የአትላንታ የመጻፊያ ዕቃ አምራች ነበር፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ሠራተኛ ባይኖረውም በኮሚሽን ትእዛዝ የሚሰበስቡለት 10 ሰዎች ነበሩት። ፍርድ ቤቱ ይህ ይበቃል አለ። ኒውዮርክም ሊንክ ለጣፊን ከእነዚያ 10 ሰዎች ጋር አመሳሰለች።

ምስስሉ ግን አያስኬድም። የስክሪፕቶ ሰዎች ፍሎሪዳ ውስጥ ደንበኛ ፈልገው፣ ናሙና አሳይተው፣ ትእዛዝ ጽፈው የሚልኩ ሰዎች ናቸው። ሊንክ ለጣፊው የማንንም በር አያንኳኳም። ቡፋሎ ተቀምጦ የጻፈውን የሚያነበው ሰው አሪዞና ሊሆን ይችላል፣ ናይሮቢ ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የለጠፈና ደጅ ለደጅ የሚዞር ሻጭ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አንድ ስም የላቸውም። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው የክፍያው ዓይነት ብቻ ነው፦ በሽያጭ ልክ መከፈላቸው።

በዚህ ክርክር ላይ የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ከሁሉ የተሻለ ነው። ኢሊኖይ የራሷን ተመሳሳይ ሕግ በማርች 2011 አወጣች፤ የአፊሊየቶቹ ማኅበር ከሰሰ፣ በኦክቶበር 2013 አሸነፈ። የፍርድ ቤቱ ነጥብ ቀላል ነው። አንድ የቺካጎ ጋዜጣ ወይም ሬዲዮ የአንድ ሩቅ ነጋዴን የቅናሽ ኮድ አትሞ ወይም አንብቦ፣ በኮዱ ስንት ሰው እንደገዛ ተቆጥሮ ኮሚሽን ቢከፈለው ሕጉ አይነካውም። ያንኑ ኮድ አንድ ሰው ድረ ገጹ ላይ ቢለጥፍ ግን ነጋዴው ታክስ ሰብሳቢ ይሆናል። ያው ማስታወቂያ፣ ያው ክፍያ፣ ልዩነቱ ኢንተርኔት ላይ መሆኑ ብቻ። የፌዴራሉ የ1998 ሕግ ደግሞ ኢንተርኔትን ለይቶ የሚጎዳ ታክስን ይከለክላል። ስለዚህ ሕጉ ወደቀ።

ኢሊኖይ ከዚህ ምን ተማረች? በ2014 ሕጉን መልሳ አወጣችው፣ በዚህኛው ዙር ግን ጋዜጣውንና ሬዲዮኑንም ጨመረችበት። አድሎ ነው ስትባል አድሎውን ለሁሉ አዳረሰችው።

የኒውዮርክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በበኩሉ በማርች 2013 4 ለ1 በሆነ ድምፅ ሕጉን አጸደቀ፤ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በዲሴምበር ጉዳዩን አላይም አለ። አንድ ዓይነት ሕግ በአንዱ ግዛት ሕጋዊ በሌላው ሕገ ወጥ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። የኒውዮርክ ሕግ የሚነሣው በግዛቱ ያሉ አፊሊየቶች ሁሉ ተደምረው በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የኒውዮርክ ሽያጭ ለአንድ ነጋዴ ካመጡለት ነው። ኢሊኖይም ይህንኑ 10 ሺህ ወሰደች። 10 ሺህ ዶላር ኮሚሽን አይደለም፤ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ ነው። በ6 በመቶ ሒሳብ ጠቅላላ ኮሚሽኑ 600 ዶላር ይመጣል። ይህን 20 ሰው ቢካፈለው ለእያንዳንዱ በዓመት 30 ዶላር ነው። ሕግ አውጪዎቹ 30 ዶላር የሚያገኝ ሰው የአንድ ግዙፍ ኩባንያ «በአካል መገኘት» ነው አሉ። ኩዊል የላካቸው ፍሎፒዎች ቢያንስ የኩዊል ንብረት ነበሩ።

ኒውዮርክ አንድ ማምለጫ አስቀምጣለች። ለጣፊው በግዛቱ ውስጥ በራሪ ወረቀት እንደማይበትን፣ ደንበኛ እንደማያባብል በየዓመቱ ፈርሞ ለነጋዴው ከሰጠ ነጋዴው «አልታሰርኩም» ማለት ይችላል። አስቡት፦ በሺህ የሚቆጠር አፊሊየት ያለው ነጋዴ የሺህ ሰው ፊርማ በየዓመቱ ሲያሳድድ። ከዚህ ይልቅ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ሁሉንም መሰረዝ ይቀለዋል። ኦቨርስቶክም በ2008 ያደረገው ይህንኑ ነው፤ 3,400 ገደማ የኒውዮርክ አፊሊየቶቹን ቆረጠ። አማዞን ኒውዮርክን ያህል ገበያ መልቀቅ ስላልፈለገ እዚያ ታክሱን እየሰበሰበ ተከራከረ።

ስለዚህ ኒውዮርክ ገንዘቡን አገኘች። ሌሎቹ ግዛቶች ያንን አይተው በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ሆነባቸው። በጁን 2009 ሰሜን ካሮላይና ሕጉ ገና ሳይጸድቅ አማዞን የግዛቲቱን አፊሊየቶች ቆረጠ። በዚያው ሰሞን ሮድ አይላንድ ተከተለች። ሃዋይ ውስጥም ቆርጦ ነበር፤ አገረ ገዥዋ ረቂቁን ውድቅ ሲያደርጉት መለሳቸው። በ2011 አርካንሳስና ኮነቲከት ተራቸው ደረሰ።

ኢሊኖይ ላይ የሆነው ደግሞ በካርታ ላይ ይታያል። ፋትዋሌት የሚባለው የኩፖንና የቅናሽ ድርጅት ሮክተን በምትባል የኢሊኖይ ከተማ ነበር። ሕጉ በወጣ በሳምንታት ውስጥ ዕቃውን ጭኖ የግዛት ወሰን ተሻገረና ጥቂት ማይል ርቃ በምትገኘው ቤሎይት፣ ዊስኮንሲን ሰፈረ። የቺካጎው ኩፖንካቢን ወደ ኢንዲያና ሄደ። ኢሊኖይ የሽያጭ ታክሱን ልታገኝ ስትል የነበራትን የገቢ ግብርና የሠራተኞቹን ደመወዝ ለጎረቤት አስረከበች። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሉታል አባቶች፤ ኢሊኖይ ግን በምድር የነበረችውንም ላም ነድታ ሰጠች።

መሄድ የቻሉት ደግሞ ድርጅቶቹ ናቸው። ማታ ማታ ልጆቿን አስተኝታ የምትጽፍ ሴት፣ ባሏ እዚያው ከተማ ሥራ ያለው፣ ቤቷ በብድር የተገዛ፣ ለወር 200 ዶላር ኮሚሽን ብላ ግዛት አትቀይርም። እሷ ዝም ብላ ትከስራለች። ምክር ቤት ቀርቦ የሚናገርላትም የለም።

«ሕግ አውጪዎቹ ይህ ይመጣል ብለው አላሰቡም» የሚል መከራከሪያ አለ። በ2008 ለኒውዮርክ ይሠራ ይሆናል። በ2011 ግን አይሠራም። ካሊፎርኒያ ከመፈረሟ በፊት ሰሜን ካሮላይናም፣ ሮድ አይላንድም፣ ኢሊኖይም ሆኖ ታይቷል፤ አማዞን ራሱም ፈርሙና እቆርጣለሁ ብሎ አስቀድሞ ተናግሯል። እያወቁ ነው የፈረሙት። ስሌታቸው ምን እንደነበር ግልጽ ነው፦ ወይ ኩባንያው ይፈራና ይከፍላል፣ ወይ ይቆርጣል፤ ከቆረጠ የተጎዳው ሰው ኩባንያውን ይረግማል እንጂ እኛን አይረግምም። በሌላ ሰው ኪስ ቁማር መጫወት ይሉታል ይህን።

ይህ ሁሉ ሲባል ኩባንያውን ነፃ ለማውጣት አይደለም። የአማዞን ነገር ከግዛቶቹ ይብሳል እንጂ አይሻልም።

ኮሎራዶን ተመልከቱ። በ2010 የቀረበው የመጀመሪያው ረቂቅ እንደ ኒውዮርክ አፊሊየትን ማሰሪያ የሚያደርግ ነበር። ተቃውሞ ሲነሣ ምክር ቤቱ ያንን ክፍል አወጣው። የጸደቀው ሕግ ነጋዴውን «ታክስ ባትሰበስብ እንኳ ለገዢው ታክስ እንዳለበት ንገረው፣ ለእኛም አሳውቀን» የሚል ነው። ሊንክ ለጣፊ ኖረ አልኖረ ለውጥ አያመጣም። አማዞን ግን በማርች 2010 የኮሎራዶ አፊሊየቶቹን ቆረጠ። ለምን? እነሱን መቁረጡ ከሕጉ አላዳነውም። መልእክት ለማስተላለፍ ነው፦ በነካችሁኝ ቁጥር የገዛ ዜጎቻችሁ እንጀራ ይቆረጣል። በሃዋይም ያየነው ይህንኑ ነው። እንደ ሽርክ ሲጠሯቸው የነበሩትን ሰዎች ችግር ሲመጣ መያዣ አደረጓቸው።

«በአካል አልተገኘንም» የሚለውም ነገር ሁልጊዜ ሐቅ አልነበረም። ቴክሳስ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ መጋዘን ነበረው፤ የእህት ኩባንያ ነው እንጂ የእኔ አይደለም እያለ ታክስ ሳይሰበስብ ኖረ። የቴክሳስ ሒሳብ ሹም በ2010 የ269 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ሲልኩበት መጋዘኑን እዘጋለሁ አለ። በ2012 ግን ተስማማ፣ ከጁላይ ጀምሮ ሊሰበስብ፣ አዳዲስ መጋዘኖችም ሊሠራ። ካሊፎርኒያ ውስጥም ሕጉን በሕዝበ ውሳኔ ለማስሻር ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለፊርማ ማሰባሰቢያ ካፈሰሰ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2011 ከግዛቲቱ ጋር ተደራድሮ የአንድ ዓመት እፎይታ አገኘና አፊሊየቶቹን መለሰ። በሴፕቴምበር 2012 መሰብሰብ ጀመረ።

ምን ተለወጠ? ኩባንያው ዕቃ በአንድና በሁለት ቀን ለማድረስ ወስኖ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ መጋዘን በየግዛቱ ያስፈልገዋል። መጋዘን ካለህ «የለሁም» ማለት አትችልም። ያኔ ታክሱ ለእሱ ሸክም መሆኑ ቀርቶ ለተፎካካሪዎቹ ሸክም የሚሆን መሣሪያ ሆነ። በሜይ 2013 ሴኔቱ ግዛቶች ከሩቅ ነጋዴ እንዲሰበስቡ የሚፈቅደውን ረቂቅ 69 ለ27 ሲያጸድቅ ከደጋፊዎቹ አንዱ አማዞን ነበር። ተቃዋሚው ኢቤይ። ረቂቁ የተወካዮች ምክር ቤት ገብቶ ሞተ። ሕገ መንግሥት ነው፣ መርሕ ነው ሲባል የነበረው ሁሉ የመጋዘን ሒሳብ ነበር ለካ። ከአፕሪል 2017 ጀምሮ ኩባንያው የሽያጭ ታክስ ባለባቸው 45 ግዛቶች ሁሉ በራሱ ዕቃ ላይ ይሰበስባል፤ በመድረኩ ላይ በሚሸጡት ሌሎች ነጋዴዎች ዕቃ ላይ ለማሰብሰብ ግን አብዛኞቹ ግዛቶች ሌላ ሕግ እስኪያወጡ መጠበቅ ነበረባቸው።

ከዚያ ጁን 21 ቀን 2018 መጣ። ደቡብ ዳኮታ የገቢ ግብር የላትም፤ የምትኖረው በሽያጭ ታክስ ነው። እሷ ያወጣችው ሕግ ስለ ሊንክ፣ ስለ ወኪል፣ ስለ ፍሎፒ ምንም አይልም። በግዛቴ ውስጥ በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ከሸጥክ ወይም 200 ጊዜ ካስተናገድክ ታክስ ሰብስብ ይል ነበር ያኔ፣ አበቃ። ዌይፌር፣ ኒውኤግ እና ኦቨርስቶክ ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ግዛቲቱን ደገፈ፣ የ1967ቱንና የ1992ቱን ፍርድ ሻረ። ከአሥር ዓመት በፊት 3,400 ኒውዮርካውያንን ቆርጦ ያመለጠው ኦቨርስቶክ በመጨረሻ የተያዘው በራሱ ሽያጭ ነው።

የሚሠራው መንገድ ይህ ነበር። የሚሸጠውን በሽያጩ ልክ መያዝ። ካሊፎርኒያም በ2019 መለኪያውን የ500 ሺህ ዶላር ሽያጭ አደረገችው። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ባወጣችው አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ከውጭ ሆነው አገልግሎት የሚሸጡ ድርጅቶችን ራሳቸውን ወደ ታክሱ ለማስገባት ነው የሞከረችው፤ አፈጻጸሙ ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ ሊንክ የለጠፈውን የአዲስ አበባ ልጅ ማሰሪያ አላደረገችም።

«ታዲያ በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልፈቀደም ነበር፣ ግዛቶቹ ምን ያድርጉ?» የሚል ሰው ይኖራል። የተገባ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። ደቡብ ዳኮታ ሕጉን ስታወጣ የኩዊል ፍርድ አልተሻረም ነበር። በ2016 ያወጣችው ሆን ብላ፣ ክስ እንዲመጣና ጉዳዩ እስከ ላይ እንዲደርስ ነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ታክሱ እንዳይሰበሰብም እዚያው ሕጉ ውስጥ ጽፋለች። ማለትም ሙግቱን ከነጋዴው ጋር ፊት ለፊት ገጠመች፣ መሀል ላይ ያለ ሰው አላስቀደደችም። ከ2008 ጀምሮ ከደርዘን በላይ ግዛቶች የኒውዮርክን ብልሃት ሲገለብጡ ከመካከላቸው አንዱ ይህን ማድረግ ይችል ነበር። ኮሎራዶም ብትሆን ገዢው ዕዳውን እንዲያውቅ የማድረግ መንገዷን ይዛ ፍርድ ቤት ስትመላለስ ነው፣ በ2015 ዳኛ ኬኔዲ የኩዊልን ፍርድ እንደገና ማየት ይገባል ብለው የጻፉት። በሩን ያስከፈተው ቀጥተኛው ሙግት ነው፤ በለጣፊው ዙሪያ የተተበተበው አንቀጽ አይደለም።

ሌላው የሚሰማው «በመጨረሻ ተመልሰው የለ?» የሚል ነው። የካሊፎርኒያዎቹ በሦስት ወር ገደማ ተመለሱ። የሌሎቹ እንዲህ አልቀለለም። አማዞን በኮሎራዶ ታክስ መሰብሰብ የጀመረው በፌብሯሪ 2016 ነው፤ ከመቁረጡ ስድስት ዓመት ያህል በኋላ። በኢንተርኔት ሥራ ስድስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ገጽ የያዘ ሰው ያውቀዋል። ሊንኩ ገንዘብ ሳያመጣ ጽሑፍ አይታደስም፣ ያልታደሰ ጽሑፍ ከፍለጋ ውጤት ይወርዳል፣ የወረደን ገጽ ማንም አይጎበኘውም። ውል ሲመለስ የሚመለሰው ባዶ ገጽ ላይ ነው። የተመለሱትም ቢሆኑ የተመለሱት ወደዚያው ኩባንያ እጅ ነው፤ በአፕሪል 2020፣ ሰዉ ሁሉ ቤቱ ተዘግቶ በኦንላይን በሚገዛበት ወር፣ ያው ኩባንያ የቤት ዕቃን ኮሚሽን ከ8 ወደ 3 በመቶ፣ የግሮሰሪን ከ5 ወደ 1 በመቶ ሲያወርደው ማንም ምክር ቤት ስብሰባ አልጠራም።